ሁለተኛ ግሉኮስ ላስተክልላት?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ66 ዓመት እናቴንና የ14 ወር ልጄን ተቅማጥና ትውከት ከያዛቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እናቴ የግፊትና የስኳር ታማሚ ናት፤ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ትናንት ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ አንድ ግሉኮስ ተተክሎላት ነቃ ብላ ነበር፤ ማታ ግን ተመልሳ ደከመች። ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ዓይኔ ጨለመብኝ ብላ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ሽንቷም ከትናንት ማታ ወዲህ አንዴ ብቻ፣ ያውም ጥቂት ነው። ክሊኒኩ ግፊቷ 105 በ65 ስለሆነ ጥሩ ነው አለን፤ ወትሮ ከ150 አይወርድም። ልጁ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ውሃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል፤ ጡት ግን ይጠባል። ባለፈው ሳምንት 9 ኪሎ ነበር። ለእናቴ ሁለተኛ ግሉኮስ ላስተክልላት? ለልጁስ? ኦአርኤስ ጨው ስላለው ግፊቷን ይጨምርባታል ብዬ አልሰጠኋትም፤ የምትጠጣው አምቦ ውሃና ሚሪንዳ ነው።»

ምላሽ፦ ሁለተኛ ግሉኮስ አያስተክሉ። እናትዎ ዛሬውኑ፣ ከተቻለ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባቸው። ልጁን ደግሞ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሚያስፈልገው መርፌ ሳይሆን አራት ሰዓት ሙሉ በማንኪያ የሚሰጥ ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው፤ እሱንም መኪና እስኪመጣ ሳይጠብቁ እቤት ይጀምሩለት። ሕመሙ አንድ ቢመስልም የሁለቱ አደጋ አንድ አይደለም።

ስህተቱ የሚጀምረው «ግሉኮስ» ከሚለው ቃል ነው። በከተማችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ ይባላል፤ በተግባር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ዴክስትሮዝ 5 በመቶ የሚባለው እውነተኛው ግሉኮስ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለው፣ ጨው የለውም። ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው አለው፣ ስኳር የለውም። ሪንገር ላክቴት ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ላክቴት የያዘ ሲሆን ከሦስቱ ለደም ፈሳሽ የሚቀርበው እሱ ነው። በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ዴክስትሮዝ ሲሰጥ ሰውነት ስኳሩን ያቃጥለዋል፤ የሚቀረው ጨው አልባ ውሃ ነው። ያ ውሃ በመላ ሰውነት ሴሎች ውስጥ ስለሚሰራጭ ከአንድ ሊትሩ በደም ሥር ውስጥ የሚቆየው 100 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ከሳላይን ወይም ከሪንገር ግን ሩብ ያህሉ ይቆያል። ስለዚህ ትናንት የተሰጣቸው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከረጢቱ ወይም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ካልተጣለ ፎቶ አንስተው ይያዙት፣ ከተጣለም ክሊኒኩን በስልክ ይጠይቁ። ድንገተኛ ክፍል የሚያገኛቸው ሐኪም ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው።

«አልበላም ስላለች ግሉኮሱ ምግብ ይሆናታል» የሚለውም አያስኬድም። አንድ ሊትር ዴክስትሮዝ የያዘው አሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ነው፤ ጉልበቱ ከ200 ካሎሪ አይበልጥም። አንድ ሳህን አጥሚት ያንኑ ይሰጣል፣ ያውም ያለ መርፌ። ታዲያ ለምን ነቃ አሉ? የተሰጣቸው ምንም ይሁን ምን ጥቂት ፈሳሽ ደም ሥር ውስጥ ስለገባና ሰዓት ሙሉ በጀርባቸው ስለተኙ ነው። የተኛ ሰው ልብ ደምን ሽቅብ ወደ ጭንቅላት ለመግፋት አይታገልም። ተቅማጡ ግን አልቆመም፤ ማታ የወጣው ቀን የገባውን በልጦት አደረ። በአንድ ከረጢት ማሻሻል፣ ከዚያ መውደቅ፣ ከዚያ ሌላ ከረጢት ማስተከል፤ በዚህ አዙሪት የሚባክነው ቀን ነው ብዙዎችን ኩላሊታቸው ደክሞ ሆስፒታል የሚያደርሳቸው።

ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ 105 በ65 የሚለው ቁጥር ነው። ለ25 ዓመት ወጣት ጥሩ ግፊት ነው። ወትሮ 150 ለሆነ ሰው ግን ከላይኛው ቁጥር 45 ነጥብ ወርዷል ማለት ነው፤ የእናትዎ አንጎልና ኩላሊት ለዓመታት የለመዱት ከዚያ ከፍ ባለ ግፊት የሚመጣ ደም ነው። ግፊት ሲለካ ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም፤ የሰውየው የዘወትር ልክ አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

በተጨማሪም ግፊት መውረድ የመጀመሪያ ምልክት አይደለም። ፈሳሽ ሲጎድል ሰውነት መጀመሪያ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ቀጥሎ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል፣ ስለዚህ ጫፎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ኩላሊትም ሽንትን ይይዛል፣ የሚወጣውም ጥቂትና ጠቆር ያለ ይሆናል። ግፊቱ የሚወርደው እነዚህ ሁሉ መከላከያዎች አልበቃ ሲሉ ነው። እናትዎ ሲነሱ ዓይናቸው መጨለሙና ሽንታቸው መቀነሱ እዚያ ደረጃ መድረሳቸውን ይነግረናል። በሕክምና ቦታ ይህ የሚረጋገጠው ግፊትና ምት ተኝተው ከተለካ በኋላ ቆመው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ በመለካት ነው። የላይኛው ቁጥር 20 ከወረደ ወይም ምቱ በደቂቃ 30 ከጨመረ ጉድለቱ እውነተኛ ነው። እርስዎ ግን እቤት አቁመው አይሞክሩ፤ መቆም አለመቻላቸው ራሱ መልስ ነው። አቴኖሎልን የመሰለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምቱ ላይፈጥን እንደሚችልም ይታወቅ።

በአረጋውያን ላይ ሌሎች ምልክቶችም ያታልላሉ። የእጅ ቆዳን ቆንጥጦ መልቀቅ ለልጅ ጥሩ መለኪያ ነው፤ በእርጅና የሳሳ ቆዳ ግን ፈሳሽ ሳይጎድለውም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጥማትም ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ «አልጠማኝም» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም። የአፍ መድረቅ በአፍ ከመተንፈስም ይመጣል። ይልቅ ሽንትን ይቁጠሩ፣ የንግግራቸውን መስመር ይከታተሉ፣ እጃቸውን ይዳስሱ። አዲስ የመጣ መቀባዠር፣ ቀኑን ወይም ሰው መለየት አለመቻል፣ ለመንቃት መቸገር እንደ እርጅና ድካም መታየት የለበትም።

አሁን መድኃኒቶቹ። እናትዎ የሚወስዷቸው ሦስቱም መልካም መድኃኒቶች ናቸው፣ በደህና ቀን። ተቅማጥና ትውከት በያዛቸው ቀን ግን እርስ በርስ ተጋግዘው ይጎዳሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል፤ ተቅማጡ ላይ ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው። ኢናላፕሪል ደግሞ ፈሳሽ ሲያንስ ኩላሊት ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ለመጠበቅ የሚጠቀምበትን ዘዴ ይዘጋበታል። ኩላሊቱ ሲደክም ሜትፎርሚን በደም ውስጥ ይጠራቀምና ደሙን አሲዳማ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም ዛሬ አይስጧቸው፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱም የመጨረሻውን ክኒን የዋጡበትን ሰዓት ይናገሩ። ለሆድ ቁርጠቱ ወይም ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ተሰጥቷቸው ከሆነም ያንን ይንገሩ፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ለኩላሊት ሌላ ምት ናቸው። እዚህ ላይ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ይህ የማቆም ምክር ኢንሱሊንን አይመለከትም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባይበላም በራሱ ውሳኔ አያቋርጥም፤ መጠኑ የሚስተካከለው ስኳሩ እየተለካ ነው።

የስኳር ታማሚ ሲያስመልስ መጀመሪያ የሚደረገው ጣት ወግቶ ስኳሩን መለካት ነው፣ ማንኛውም ከረጢት ከመሰቀሉ በፊት። ትናንት ይህ ተደርጎ እንደሆነ አልጻፉም። ስኳር በጣም ሲያሻቅብ ራሱ በሽንት ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ታማሚው ይጠማዋል፣ ይደክማል፣ ያስመልሳል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ብዙ ጊዜም «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መለያው ይህ ነው፦ በተቅማጥ ፈሳሹ የጎደለ ሰው ሽንቱ ያንሳል፤ አካሉ እየደረቀ ሽንቱ ብዙ የሆነ ሰው ግን ስኳሩ መለካት አለበት። ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የተበላሸ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ከታከለበት ደሙ አሲዳማ ሆኗል ማለት ነው። የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው አረጋውያን ላይ ደግሞ አሲዱ ሳይኖር ስኳሩ ከ600 በላይ ሊወጣና ሰውየውን ቀስ በቀስ ሊያደነዝዘው ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ዴክስትሮዝ መስቀል እሳት ላይ ጋዝ መድፋት ነው፤ ሚሪንዳውም ያው ነው። በተቃራኒው ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ መደናገር የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው፤ ግሉኮስ በትክክል መድኃኒት የሚሆነው ያኔ ነው። ሁለቱን የሚለየው ግምት አይደለም፣ አንዲት የደም ጠብታ ናት።

ኦአርኤስ ግፊት ይጨምራል የሚለው ፍርሃት የብዙ ሰው ነው፤ በቁጥር እንየው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ቀመር በአንድ ሊትር 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው። ሶዲየሙ በሊትር 75 ሚሊሞል ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ኖርማል ሳላይን 154 ነው፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እናትዎ ትናንት ሳላይን ተሰጥቷቸው ከሆነ ከሸሹት ኦአርኤስ እጥፍ ጨው ወስደዋል፣ ያም አልጎዳቸውም፤ የጎደለውን ነው የተካው። ጨው ግፊት የሚያሳድገው ሳይጎድል ሲጨመር ነው። በስኳሩም በኩል ኦአርኤስ በሊትር 13.5 ግራም ሲይዝ ለስላሳ መጠጥ 100 ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛል። ያ ሁሉ ስኳር አንጀት ውስጥ ሲደርስ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። በልብ ድካም ወይም በኩላሊት ድክመት ክትትል ላይ ያለ ሰው ግን ኦአርኤስንም ቢሆን በሐኪም በተወሰነ መጠን ብቻ መውሰድ አለበት፤ እናትዎ ይህ ካለባቸው ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ይናገሩ።

የግሉኮሱ ሥራ ምግብ መሆን አይደለም። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብረው ሲመጡ ብቻ የሚያስገባ በር አለው፤ ውሃ እነሱን ተከትሎ ይገባል። ይህ በር ኮሌራን ጨምሮ በአብዛኞቹ ተቅማጦች አይበላሽም፤ ለዚህ ነው ታማሚው እያስቀመጠውም ቢሆን የሚጠጣው ፈሳሽ የሚጠቅመው። አምቦ ውሃ ማዕድን ቢኖረውም ግሉኮስ የለውም፣ ጨዉም የወጣውን ለመተካት የተመጠነ አይደለም፣ ጋዙም ሆድ ነፍቶ ያስመልሳል። ንጹሕ ውሃ ብቻውን በብዛት መጠጣትም ሌላ አደጋ አለው፦ ጨው በጎደለው ደም ላይ ውሃ ሲጨመር ሶዲየሙ የበለጠ ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል፣ መደናገርና የሚጥል ነገር ይመጣል። ጸበልንም በዚሁ ዓይን ይዩት፤ አንድ ሁለት ጉንጭ መቅመስ አይጎዳም፣ ፈሳሽ ያለቀበት ሰው በሊትር ጠጥቶ እንዲያስመልስ ማድረግ ግን ሕይወት ያሳጣል።

አበጃጀቱ ላይ የሚጠፋው ጥፋት ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ይጎዳል። መጀመሪያ የፓኬቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ 20.5 ግራም የሚመዝነው ለአንድ ሙሉ ሊትር ነው፣ በ500 ወይም በ200 ሚሊ ሊትር የሚበጠበጡም አሉ። መለኪያ እንዲሆንዎ አንድ ሊትር የሚል ሃይላንድ ይፈልጉ፤ የ600 ሚሊ ሊትሩን አንድ ሊትር ብሎ መገመት የተለመደ ስህተት ነው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ፓኬቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጨምሩት፤ ከፍሎ ከፍሎ ሲበጠበጥ ጨዉና ስኳሩ እኩል ላይከፋፈል ይችላልና አንዱ ብርጭቆ ከሌላው ይለያል። ውሃው ካነሰ መጠጡ በጣም ጨዋማ ሆኖ የሕፃኑን ሶዲየም ከፍ ያደርጋል፤ ከበዛ ደግሞ የጎደለውን አይተካም። ስኳር፣ ጭማቂ ወይም ወተት አይጨምሩበት፣ ከበጠበጡት በኋላ አያፍሉት፣ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። ጣዕሙ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ መሆን የለበትም። ሌሊት ሆኖ ፋርማሲ ከተዘጋ ብቻ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለቱም የተላጩ እንጂ የተቆለሉ ሳይሆኑ፣ በጥብጠው መጀመር ይቻላል። ፖታሲየም ስለሌለው ግን እስኪነጋ ማቆያ ነው።

ለልጁ፦ መነጫነጭ፣ የጎደጎደ ዓይንና ውሃ ሲያይ መንሰፍሰፍ አንድ ላይ ሲታዩ መካከለኛ የፈሳሽ እጥረት ይባላል። ቆዳውንም እንዲህ ይፈትሹ፦ ልጁን በጀርባው ያስተኙት፤ በእምብርቱና በጎኑ መካከል ባለው የሆድ ቆዳ ላይ፣ እጥፋቱ ከራስ ወደ እግር እንዲሆን፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው አንስተው ለአንድ ሴኮንድ ይያዙና ይልቀቁ። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው፤ ለጥቂት ቅጽበት ቆሞ ከታየ መካከለኛ፤ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየ ከባድ ነው። እርግብግቢቱ ላይ ብቻ አይመርኮዙ፤ በ14 ወር ብዙ ልጆች ላይ ሊዘጋ ተቃርቧል ወይም ተዘግቷል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ይመዝኑት፤ በሦስት ቀን የጠፋ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ፈሳሽ ነው። የ9 ኪሎ ልጅ ከባድ አደጋ ላይ የሚወድቀው 900 ሚሊ ሊትር ሲያጣ ነው፤ አንድ ትልቅ ሃይላንድ እንኳ አይሞላም።

መጠኑ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለእርስዎ ልጅ 675 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን በጡጦ ወይም በብርጭቆ ካስጎነጩት ተንሰፍስፎ ይጠጣዋል፣ ወዲያው ደግሞ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ «ኦአርኤስ አልተስማማውም» ይባላል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ በየአንድ ወይም ሁለት ደቂቃው ይስጡት። ጨርሶ እንቢ ካለ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝተው በጉንጩ በኩል ያንጠባጥቡለት። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ይጠብቁና ከበፊቱ ዘግየት አድርገው ይቀጥሉ፤ ትውከት የማቆሚያ ምክንያት አይደለም። ጡቱን በመሃል በመሃል ይጥባ። የዓይኑ ቆብ ካበጠ መጠኑ በዝቷል፤ ኦአርኤሱን አቁመው ጡት ብቻ ይስጡት። ጤና ጣቢያዎች ለዚህ የተዘጋጀ የኦአርኤስ መስጫ ጥግ አላቸው፤ አራት ሰዓቱን እዚያ መቀመጡ አሰልቺ ቢሆንም ዋጋ አለው፣ ልጁ ከባሰበት ወዲያው የሚያየው ሰው አለና። ከአራት ሰዓት በኋላ ዳግም ይመረመራል፤ ከተሻለው ወደ ቤት ይመለስና ከሁለት ዓመት በታች ስለሆነ ካስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይውሰድ፤ ክኒኑ በማንኪያ ላይ በታለበ የእናት ጡት ወተት ወይም በኦአርኤስ ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ ይጨረሳል፤ የሚቀጥለውን ተቅማጥ የሚከላከለው እሱ ነው። ምግብ አይከልከል፤ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ ሩዝ ደጋግሞ በትንሹ ይብላ።

ይህ ስሌት በጣም ለከሳ ወይም እግሩ ላበጠ ልጅ አይሆንም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ልቡ ብዙ ጨውና ፈሳሽ አይችልም፤ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ፣ በዝግታ፣ በጤና ተቋም ይሰጠዋል። የቆዳውም ፈተና እሱ ላይ ያሳስታል።

ሊደረጉ የማይገቡ ነገሮች አሉ። «ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ነው» በሚል አይጠብቁ፤ ጥርስ ማውጣት ዓይን አያጎደጉድም። ግግ ማስወጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወረደ እርግብግቢት ማስተኮስ አንዱም ፈሳሽ አይተካም፤ የሚጨምሩት ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። እርግብግቢት የሚወርደው ፈሳሽ ስለጎደለ ስለሆነ የሚነሳውም ፈሳሹ ሲተካ ነው። ተቅማጥ ማቆሚያው ሎፐራማይድ ለሕፃን አይሰጥም፤ ለአዋቂም ቢሆን ትኩሳት ወይም ደም ባለበት አይወሰድ። ከፋርማሲ ዝም ብሎ ፍላጅል ገዝቶ መዋጥ በከተማችን ልማድ ሆኗል፤ አብዛኛው አጣዳፊ ተቅማጥ ግን በቫይረስ ወይም ራሱን በሚጨርስ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፣ መድኃኒቱ ይልቁን ማቅለሽለሽ ይጨምራል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ደም ለቀላቀለ ተቅማጥና ለተረጋገጠ ወይም ለተጠረጠረ ኮሌራ ነው። በአንድ የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ከተባሉም፣ ትኩሳት በሌለበት የሦስት ቀን ተቅማጥ ላይ ያ ውጤት ብዙ ጊዜ የአሁኑን ሕመም አያመለክትም።

ሰገራው የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነጭ ውሃ ከሆነና መቁጠር እስኪያቅት ከተመላለሰ ነገሩ ሌላ ነው። ኮሌራ አዋቂን በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያሳጣው ይችላል፤ ጠዋት ቆሞ የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ አተት በተከሰተ ጊዜ ብዙ ሰው ይህን አይቷል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ በመንገድም ሳይቀር ኦአርኤስ እየሰጡ ይሂዱ፣ ጤና ተቋሙ በር ላይ እንደደረሱም ይናገሩ።

ልጁ ከጤና ጣቢያ ይልቅ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄደው እነዚህን ካዩ ነው፦ ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ከከበደ ወይም ከዛለ፣ መጠጣትና መጥባት ካቆመ፣ ስድስት ሰዓት ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ካንቀጠቀጠው። በየመሃሉ እግሩን አጥፎ የሚጮህና ደም የቀላቀለ ዝልግልግ ሰገራ ያለው ሕፃን አንጀቱ ወደ ራሱ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ያየዋል። ደንዝዞ መዋጥ የማይችል ሰው፣ ልጅም ሆነ አዋቂ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይደረግለት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

አሁን ስለ እናትዎ ጉዞ። ለልደታ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፣ ዘውዲቱም ሩቅ አይደለም። ከአራተኛ ፎቅ በእግራቸው አያውርዷቸው፤ ደረጃ ላይ ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ ከተቅማጡ የከፋ ጉዳት ይደርሳል። ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሁለት ጎረቤት ያውርዷቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ቶሎ ካልመጣ በታክሲ የኋላ ወንበር እንዲጋደሙ አድርገው ይውሰዷቸው። ነቅተው መዋጥ እስከቻሉ ድረስ በመንገድም በየአምስት ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ ኦአርኤስ ይውሰዱ። ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም መግቢያው ላይ ታማሚዎች በአስቸኳይነት በሚለዩበት ቦታ፣ «ተቅማጥ ይዟታል» ብለው ብቻ አያቁሙ፤ በዚያ ቃል ረጅም ሰልፍ ሊጠብቅዎ ይችላል። «66 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለባት፣ ወትሮ 150 የነበረው ግፊቷ ትናንት 105 ነበር፣ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፣ ሽንቷ ቀንሷል፣ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን ትወስዳለች» ይበሉ። የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

እዚያ ስኳር፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ይለካላቸዋል። ፖታሲየሙ በተቅማጡ ወርዶም፣ በኢናላፕሪልና በኩላሊት ድካም ወጥቶም ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱም የልብ ምትን ያዛባሉ፣ እቤት ሆኖም በምልክት አይለዩም። የሚሰቀልላቸው ሪንገር ወይም ሳላይን ይሆናል፤ መጠኑም በየመሃሉ ሳንባቸውን በማዳመጥ፣ ግፊታቸውንና ሽንታቸውን በመቁጠር ይወሰናል። ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ያለ ክትትል የሚሰቀል ከረጢት ይህን አይተካም፤ አንሶ ሊቀር፣ ወይም ልባቸው ደካማ ከሆነ በዝቶ ሳንባቸውን ሊሞላው ይችላል።

ወደ ቤት ሲመለሱ የግፊቱና የስኳሩ ክኒኖች ወዲያው አይጀመሩም። ትውከቱና ተቅማጡ ቆሞ፣ እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ፣ የኩላሊቱም ውጤት ከታየ በኋላ ሐኪሙ ባለው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። እስከዚያ ግፊታቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስኳራቸው ጠዋትና ማታ ይለካ፤ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ስለታመመ የቤቱ ውሃ መጠርጠር አለበት። በፈረቃ የሚመጣውን የምታጠራቅሙበት ሮቶ ወይም ጀሪካን ይታጠብ፤ የሚጠጣው ይፍላ ወይም ውሃ አጋር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት። የልጁን ዳይፐር የቀየረ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ የእናትዎን ብርጭቆ አይንካ።